ከጓዳ የመጣ ድምፅ

አባቴ ከኮሪያ ዘመቻ ሲመለሱ ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሁልጊዜ በቀኛቸው ትቀመጥ ነበር።

እኔ ግን ያን ቀን ይህን አላሰብኩም። በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ሁለት ማይክሮፎን ያለው ቴፕ ተውሼ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወዳለው ቤታችን አመጣሁና ስለ ሠርጋቸው እንዲያወሩልኝ ለመንኳቸው። ማይክሮፎኖቹን ከየአፋቸው አስጠግቼ በመካከላቸው ተቀመጥኩ። የእናቴን ድምፅ በግራ፣ የአባቴን በቀኝ ቀዳሁ።

በክረምቱ እናቴ ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ ቴፑን እንደገና ተዋስኩት። ድምፅ ማጉያ ስላልነበረው ማዳመጫውን አባቴ ጆሮ ላይ አደረግሁላቸው። ጥቂት ሰሙና አወለቁት።

«ጂቱ፣ እናትሽ የታለች? እንደ እብድ ብቻዬን እስቃለሁ።»

ማዳመጫውን አዙሬ አደረግሁላቸው። አሁን ደግሞ እሷ ብቻ ተሰማች፤ ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት የለም። ይህ ባሰባቸው። ብቻዋን እንዳላስወራት አዘውኝ ወደ ደጅ ወጡ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ቤት ውስጥ በግራችን የሚነገር ነገር ጭንቅላታችንን ዞሮ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ለቀኝ ጆሯችንም ይደርሳል። ወፍራሙ ድምፅ በቀላሉ ይዞራል፤ ቀጭኑ ተከልሎ ይቀራል። ማዳመጫ ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ከአሮጌ ራዲዮ በፈታኋቸው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ በሬዚስተሮችና በካፓሲተሮች፣ በማዳመጫው ሽቦዎች መካከል መንገዱን ከፈትኩት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝም ወደ ግራ ትንሽ ትንሽ እንዲያልፍ።

አባቴ እንደገና ሰሙ። እኔ ቀድሜ ሞክሬው ነበርና በቀኝ በኩል የእናቴ ድምፅ ጥርት እንደማይል፣ «ሰ» እና «ሸ» እንደደበዘዙበት አውቃለሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ጓዳው በር አዞሩ።

ሽቦዎቹን በቀጥታ ባገናኛቸው ድምፅዋ እንደሚጠራ ነገርኳቸው።

«ተይው፤ ጓዳ ሆና ነው የምታወራኝ» አሉ።

ቆይተው ሳቁ። እናቴ ቴፑ ላይ እዚያ ቦታ፣ ከእንጦጦ ያወረደቻት በቅሎዋ እንጂ ሙሽራው እንዳልሆነ፣ ሙሽራውማ ጭቃ ላይ ወድቆ ኋላ እንደቀረ ትናገራለች። አባቴ ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንደሚያደርገው ጮክ ብለው፣ «ውሸቷን ነው» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእሷ አላወቅሁም።

በማግሥቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሁለቱም ጆሮዬ አዳመጥኩት። ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ተሰብስቦ ሞልቷል፤ ሁለቱም ተቀራርበዋል። መጀመሪያ ስቀዳው አንዱ ከግራ ጥግ፣ ሌላው ከቀኝ ጥግ ነበሩ፤ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ይሰማኝ ነበር። እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ነው። አሁን የለም።

ማዳመጫውን አባቴ ወንበር ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ሽቦዎቹን አልነካሁም።