አራት ከረጢት አፈር

ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው አፈር ስመረምር ኖሬ በራሴ አፈር ተታለልኩ። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። እኔም በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ቢሆን ስቄ ነበር።

በምሠራበት ላቦራቶሪ አፈር በከረጢት ይመጣል። እናሰጣዋለን፣ እንወቅጠዋለን፣ በወንፊት እንነፋዋለን፣ ከዚያ ለመሣሪያዎቹ እናቀርበዋለን። እኔ ግን ከመሣሪያው በፊት የማምነው ጣቴን ነው። አንድ ቁንጥር አፈር አርጥቤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል እገፋዋለሁ። ቶሎ ከተቆረሰ አሸዋ አለበት፣ እንደ ጥብጣብ እየረዘመ ከወጣ ሸክላ ነው። አለቃችንን፣ ሁሉን ነገር ከማበጠራቸው የተነሣ፣ «ወንፊት» እንላቸዋለን፤ እርግጥ በሌሉበት ነው። እሳቸው ታዲያ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር አላቸው፦ «እኛ የምንመሰክረው ለከረጢቱ ነው እንጂ ለቆፈረው ሰው አይደለም።» ስንቱን ደንበኛ በዚህ ቃል አሰናብቻለሁ መሰላችሁ!

አባታችን ሲሞት የተወልን የከተማውን ቤትና ወንዙ አጠገብ ያለውን መሬት ነበር። መሬቱ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ወንዙ አፋፍ ላይ ያለው ነው፣ «ዳሩ» እንለዋለን። ሁለተኛው ከዳሩ ወዲያ እስከ ኮረብታው ግርጌ የሚደርሰው ነው፣ እሱን «የውስጡ» እንለዋለን። አባቴ የገዛው እኔ ለትምህርት ከቤት ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ ከመንገድ ላይ ከማየት በቀር ረግጬው አላውቅም። ቤቱ ውስጥ እናቴና ታላቅ ወንድሜ ይኖራሉ። እኔ ላቦራቶሪው አጠገብ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል እኖራለሁ። ወንድሜ የግንባታ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ምላሱ ቤት ለሌለው ሰው እንኳ የጣራ ቆርቆሮ ይሸጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

ለመካፈል የተቀመጥን ቀን ንግግሩን የጀመረው እሱ ነው።

«እማዬን የምይዛት እኔ ስለሆንኩ ቤቱ ለኔ ይሁን» አለ። «ከመሬቱ ደግሞ ዳሩን ስጪኝ። ወንዙ ሲሞላ ቀድሞ የሚበላው ዳሩን ነው። አደጋውን እኔ ልሸከመው። ሰፊውን፣ የውስጡን አንቺ ውሰጂ።»

አንጀቴን በላው። ቢሆንም ሙያ ሙያ ነው። ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ያለ መሬት ረግረግ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ ግልባጩ ነው። ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ጉልበቱ ይደክምና ከባዱን፣ አሸዋውንና ሻካራውን ደለል፣ እዚያው ዳሩ ላይ ይጥለዋል። ዳሩም ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፣ ውሃም ያሰርጋል። ቀላሉን፣ ሸክላውን ይዞ ወደ ውስጥ ይሄድና ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ቆሞ ያዘቅጠዋል። ይህን ለጋሼ ከዚያ በፊት ምሳ ላይ ስንቴ እንደነገርኩት አላስታውስም። ሥራዬን ስለምወደው ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልችልበትም።

«ጋሼ፣ የውስጡን አፈር ሳላይ አልፈርምም» አልኩት። «አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ አፈሩን ነው የማላምነው።»

«አቤት ፕሮፌሰሯ!» ብሎ ሳቀ። «ቆፍር በይኝ፣ እቆፍራለሁ።»

እንዴት እንደሚቆፈር አስተማርኩት። ጉድጓዱ እስከ ደረት ይግባ፤ ፀሐይ የሚያየውን ግድግዳ በአካፋ ላጨው፤ ከአራት ጥልቀት አንዳንድ ከረጢት ውሰድ፤ ስትወስድ ከታች ጀምር፣ አለዚያ የላዩ እየተራገፈ ከታቹ ይቀላቀላል። አንድም ነገር ሳያዛባ ደገመልኝ። መሄድ እችል ነበር። አውቶቡስ አለ፣ መንገዱም ቢበዛ የአንድ ሰዓት ነው። ግን ጋሼ ነው! በልጅነቴ ጎርፍ ሲሞላ በትከሻው አሻግሮ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ ልጅ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለካ ወደው አይደለም።

አራቱን ከረጢቶች ራሱ አመጣልኝ። ስከፍታቸው ልቤ ዘለለ። ከላይኛው ከረጢት እስከ ታችኛው አንድ ዓይነት ቡናማ። ግራጫ የለበትም፣ የዝገት ነጠብጣብ የለበትም። ውሃ የሚተኛበት መሬት እኮ ሆዱ ዥንጉርጉር ነው፤ ምንም ቢደርቅ ያንን መደበቅ አይችልም። ይሄ ግን በጣቴ ስገፋው ትንሽ ሄዶ ይቆረሳል፣ ስጨብጠው ይያያዛል፣ ስነካው ይፈረከሳል። ቀጫጭን ሥሮች እስከ ሦስተኛው ከረጢት ድረስ ወርደዋል፤ ትል የቦረቦረው ቀዳዳም ይታያል። ውሃ እንደ ጨዋ እንግዳ ገብቶ፣ ጠጥቶ፣ ሳይከብድ የሚሄድበት አፈር ማለት ይህ ነው። ለአቮካዶ ከዚህ የተሻለ የለም። አቮካዶ ውሃ ይወዳል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ከቆመ ግን ሥሩ በስብሶ ይሞታል።

ወንፊት ከኋላዬ መጥተው አዩት።

«ግሩም ነው። ማን ቆፈረው?»

«ወንድሜ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «እንግዲህ ወንድምሽ ከሆነ…» ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ቤት ሄጄ ውጤቱን ለጋሼና ለእማዬ አነበብኩላቸው። ጋሼ አጨበጨበልኝ። ሥራዬን ልለቅ መሆኑንም ነገርኳቸው። የአፈር ብናኝ ደረቴን ማፏጨት አስጀምሮት ነበር፤ ሐኪሙም ከዚህ በኋላ ብትቆዪበት ዋ ብሎኛል። ቀሪ ዘመኔን ከዛፍ ጋር ልኖር ነው ስላት እማዬ ራሴን ዳብሳ «እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም» ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። ፈረምኩ። ሥራዬን ለቀቅኩ። ያለኝን ሁሉ አራግፌ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ገዛሁ፣ በጭነት መኪና አስጫንኩ፣ ሁለት ቆፋሪ ይዤ ወደ መሬቴ ሄድኩ።

ላዩ ደረቅ ሣር ለብሶ ደህና መስሏል። የመጀመሪያውን ጉድጓድ የጀመረው ቆፋሪ ሦስቴ ሰንዝሮ ዶማውን ተደገፈ።

«እትዬ፣ ይሄ መሬት ነው ወይስ ጡብ?»

የፈነቀለውን ጓል አንስቼ ሰበርኩት። ውስጡ ግራጫ ነው። በግራጫው ላይ የዝገት ቀለም ያለው ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ከመጠጫ ውሃዬ ጠብ አድርጌ በጣቴ ገፋሁት፤ እየረዘመ፣ እየረዘመ ወጣ። ክንድ ያህል ሲወርድ ደግሞ መሬቱ ራሱ ረጠበ፣ የተበላሸ እንቁላልም ሸተተ። ምናልባት ይህ ጥግ ብቻ ይሆናል ብዬ ሌላ ቦታ አስቆፈርኩ። ሌላም። ሁሉም ያው ነው። በዚህ መሬት ላይ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አንድ ችግኝ በሕይወት አይቆይም። እኔ ነኝ የምላችሁ፤ ይህን ለማወቅ ነው ሃያ ዓመት የተከፈለኝ።

በእግሬ ወደ ዳሩ ሄድኩ። ምን እንደምፈልግ አውቄዋለሁ፤ ባላገኘው ብዬም ለመንኩ። አገኘሁት። ከአንድ ግራር ሥር፣ እስከ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ። ፀሐይ የሚያየው ግድግዳ በአካፋ ተላጭቷል። ከታች ወደ ላይ አራት ቦታ ላይ አፈሩ በወጉ ተቦርብሯል። እንዲህ ንጹሕ ጉድጓድ የላቦራቶሪው ሠራተኞችም አይቆፍሩም። ያስተማርኩት አንድም አልቀረም። ቡናማው ግድግዳ ላይ እጄን አስደግፌ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ አለቀስኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲሉ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ፣ ደንደሱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ግን አላውቅም ነበር።

ሾፌሩን ወደ ከተማ መልሰኝ አልኩት፤ ችግኙን እንደጫነ ተመለስን። ጋሼና እማዬ ምሳ ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ አፈሩን ከየት ነው የቆፈርከው?»

«ከመሬትሽ ነዋ።»

«ጉድጓዱን አይቼዋለሁ። ግራሩ ሥር።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ አልደነገጠም። ዋጋ የተከራከረው ደንበኛ ላይ እንደሚያደርገው ፈገግ አለ።

«ያኔ እኮ ገና አልተካፈልንም። ሁሉም የአባታችን መሬት ነበር። የማን ዳር፣ የማን ውስጥ?»

«የውስጡ ነው ብለህ ነው የሰጠኸኝ!»

«አትጩሂ፣ ጎረቤት ይሰማል። ደግሞስ ዳሩ እንደሚሻል ማን ነገረኝ? አንቺው ነሽ። ማንስ አትምጪ አለሽ?» ድምፁ ጠነከረ። «ባዳ ቢሆን ኖሮ ራስሽ መጥተሽ ታዪው ነበር። ወንድምሽ ስለሆንኩ ተኝተሽ ፈረምሽ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?»

መልሴን ሳይጠብቅ በመስኮቱ ወደ መኪናው ተመለከተ።

«ችግኙ ፀሐይ ላይ ነው እንዴ? ይደርቃል እኮ። ለእኔ ሽጪልኝ፣ ዳሩ ላይ እተክለዋለሁ። ከምትከስሪ ይሻልሻል።» ይህን ብሎ ወጣ። ሾፌሩን ሲያናግረው፣ የመኪናውንም ሸራ ሲገልጥ ሰማሁት።

እማዬ ከወንበሯ አልተነሣችም። የጠረጴዛውን ልብስ በጣቷ እያጠፈች ትዘረጋለች።

«ልጄ፣ ሽጪለት» አለችኝ። «ችግኙ ምን አጠፋ? እዚያ ታች ብትተክዪው ዝናቡ ሲጥል አንድ አይተርፍልሽም።»

ቀና ብዬ አየኋት። ስለ ሸክላው ገና አልነገርኳትም ነበር። ለጋሼ የነገርኩት ስለ ጉድጓዱ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ምኑን ነው የማላውቀው? የአባትሽ ጋሪ ስንቴ ተውጦበታል። ስንት ጫማዬንስ በልቶ ቀረ!»

«ውጤቱን ሳነብልሽ እዚሁ ተቀምጠሽ ነበር። ሥራ ልለቅ ነው ስልሽ መረቅሽኝ።»

ውጭ ጋሼ ዋጋ ሲያወርድ፣ ሾፌሩም ባለቤቷን ጠይቅ ሲለው ይሰማል።

«ምን ላድርግ?» አለች እማዬ። «የማድረው እሱ ቤት ነው። ብነግርሽና ቢጣላኝ የት እወድቃለሁ? እሱ እንደሆነ ቂመኛ ነው። አንቺ ግን» ብላ እጄን ያዘችኝ፣ «አንቺ ምንም ባደርግሽ አትጥዪኝም።»

እውነቷን ነበር። እጄን ከእጇ ውስጥ ማውጣት ፈልጌ አቃተኝ።