ያረገዘው ድንጋይ

ታኤሲስ የገዛ ልጇን እንደገደለች የቦዩ ዳር መንደር ሁሉ ያውቃል። ያዋለደቻት እሷ፣ ድንጋዩን ጭኗ ላይ ያሰረችው እሷ፣ ሳትፈታው የቀረችውም እሷ! ከንስር ጎጆ የተገኘ፣ ሲነቀንቁት ሆዱ ውስጥ ሌላ ድንጋይ የሚንኳኳ፣ ያረገዘ ድንጋይ ነው። ሕፃኑን ስቦ እንዲያወጣ ምጥ የያዛት ሴት ጭን ላይ ይታሰራል፤ ሕፃኑ እንደወጣ ካልተፈታ ግን የእናቲቱንም ማሕፀን ጎትቶ ያወጣል። ያን ዕለት ታኤሲስ "ወንድ ነው!" ብላ እልል ስትል ረሳችው። ልጇ ሶኤሪስ ደሟ ፈስሶ አለቀች።

አማቿ ኦርሴኑፊስ፣ የሶኤሪስ ባል፣ አንቱ ማለቱን ተወ። "እናቱን የበላሽው አነሰሽና እሱን ልትደግሚ?" ብሎ በሩን ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጇን የምታየው ሞግዚቱ አዝላው ቦዩ ማዶ ልብስ ስታጥብ ነው። አይ አበሳ! ድንጋዩን ግን አልጣለችውም፤ "አፈታቱን አደራ!" እያለች ለወላድ ሁሉ ታውሳለች።

አንድ ጠዋት ጎረቤቷ ሄራይስ ልጇን አዝላ ድንጋዩን ልትመልስ መጣች።

"እማማ፣ እንዳይቆጡኝ" አለች እየሳቀች። "ሁላችንም ረስተነው ጭኔ ላይ ታስሮ አደረ። ገላዬን ስታጠብ አይደል ያገኘሁት!"

"አልደማሽም?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! ይኸው እንደ ጊደር እዘላለሁ።"

ታኤሲስ ድንጋዩን አገላብጣ አየችው። ለካ እሷ አይደለችም! "ልጄን አልገደልኩም" እያለች አለቀሰች። ወዲያው ሄራይስን ጎትታ ወደ አማቿ ቤት ገሰገሰች።

ኦርሴኑፊስ ደጁ ላይ መረብ ይጠግናል። ሄራይስ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ድንጋዩን ተቀብሎ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፤ ተንኳኳ። ሕፃኑ ድክ ድክ እያለ ከቤት ወጣ። ታኤሲስ እጇን ዘረጋች።

"አንቺን ለምን ይበላሻል?" አለ ኦርሴኑፊስ ለሄራይስ። "ሚስቴን በልቶ ጠግቧል።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ድንጋዩን ታኤሲስ እግር ሥር ጣለው፤ ልጁን ታቅፎ ገባና በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ልጁ ሲያለቅስ ይሰማል።

ሄራይስ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች።

"እማማ" አለች ቀስ ብላ፣ "እህቴ በዚህ ወር ትወልዳለች። እንግዲህ ከጠገበ አያስፈራም፤ ያውሱኝ?"