ለሲስተር የሰጠኋት ብልቃጥ

በረኪና እጄን ሰነጣጥቆት ስለነበር ጓንት ከማጥለቄ በፊት ቫዝሊን እቀባ ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ የምሠራው ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ነው። የክፍሉ ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ የእሷም እጅ በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ስላየሁ ከቫዝሊኔ በትንሽ ብልቃጥ ቀንሼ ሰጠኋት።

"አንተ ዝምተኛ፣ ለካ ደግ ነህ" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ልቤ ሞቆ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ጓንት መቀደድ በዛ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ፣ ጋሼ ቁልፍ በምንላቸው ሰው ላይ ነው። የጓንቱን ካርቶን ፀሐይ ላይ እየጣሉ ያበላሹታል ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳጸዳ እስከ ታች አነበብኩት። ዓመት ሙሉ ስወለውለው ኖሬ ከርእሱ አልፌ አላውቅም። "ቫዝሊንና ማንኛውም ዘይትነት ያለው ቅባት የጎማ ጓንትን ያሳሳል፤ ለዓይን ሳይታይም ይበሳል" ይላል።

ፊቴ ጋለ። የራሴን ቫዝሊን ወዲያው ጣልኩ። ለሲስተር ልነግራት ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ይዛ ስላየኋት አፍሬ ተመለስኩ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ስልም ማክሰኞ አለፈ።

ረቡዕ ቁስል ስታጥብ ጓንቷ ጣቱ ላይ ተተረተረ። የበሽተኛው ደም የተሰነጠቀውን ጣቷን ነካው። ታጥባ ወደ ደም ምርመራ ክፍል ስትሄድ "የሚጠባ ልጅ አለኝ እኮ" ትል ነበር፣ ለማንም ሳይሆን።

ዓርብ ስብሰባ ተጠራ። የክፍላችን ኃላፊ ጋሼ ቁልፍን ከሥራ ሊያግዷቸው እንደሆነ ነገሯቸው።

"እኔ ካርቶኑን ከልጆቼ አስበልጬ ነው የማስቀምጠው" አሉ ጋሼ ቁልፍ። "ልጆቼማ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት።"

ማንም አልሳቀም። እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ስነሣ ወንበሬ ተንቋቋ።

"የእሳቸው ጥፋት አይደለም" አልኩ። "ቫዝሊኑ ነው። ለሲስተር የሰጠኋት እኔ ነኝ። መታጠቢያው ላይ ያለው ወረቀት ይናገራል።"

ኃላፊዋ ወረቀቱን አስመጥተው አነበቡና ለጋሼ ቁልፍ "ወደ ሥራዎ ይመለሱ፤ ይቅርታ" አሏቸው። ሲስተር ብልቃጡን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"መቼ ነው ያነበብከው?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ዛሬ ማለት እችል ነበር።

"ሰኞ" አልኳት።

ፕላስተር የተለጠፈበትን ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ ወለሉን አየች። እኔም ያንኑ ወለል።