ዝማሬ በጥርስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ

ዮሲ ሞተረኛው በዕድሜው የዋሸውን ውሸት ቢከምሩት ከቦንጋ ኮረብቶች አንዱን ያክላል። ሰው ሊገድል የተነሳው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሞተሩን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አፉ አያርፍም። ጎጀብ ድልድይ ላይ ሞተሬ ብትጠፋብኝ ጉማሬ ገፍቶ አስነሳልኝ ያለው እሱ ነው። ሺሺንዳ ገበያ ከነቅርጫቷ የጠፋች ዶሮ በሦስተኛው ቀን ቅርጫቱን ሸጣ ተመለሰች ያለውም እሱ ነው። ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ይሳፈራል። ትምህርቱን እንደሆነ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ስምንተኛን በሩቁ ተሰናብቷታል። ሲጠይቁት ሰባትን ሁለቴ የተማረ አሥራ አራተኛ ነው ይላል።

ጥቅምት እንደገባ መምህርት አልጣሽ ከቦንጋ ማይክሮስኮፕ ተውሳ፣ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ትምህርት ቤቷ እንዲያደርሳት ጠራችው። ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ከኋላው ተቀመጠች፤ ጉድጓድ በዘለሉ ቁጥር ጀርባውን በጡጫ ትለው ነበር። ሲደርሱ ግን አዘነችለት፤ ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክመህ ሳታይ አትሄድም ብላ ክፍል አስገባችው።

ከልጆቹ መካከል ፈቃደኛ ሆና የወጣችው የንብ አናቢው የለገሰ ልጅ ዝማሬ ነበረች። መምህርቷ በስቴኪኒ የጉንጯን ውስጥ ቀስ አድርጋ ላገችና ስስ መስታወት ላይ ቀባችው፤ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ጨመረችበት። ተራው ደርሶ ዮሲ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ቢል፣ እንደ እንቁላል ጥብስ የተዘረጉ ነገሮች አየ፤ እያንዳንዱ መሀሉ ላይ አንዳንድ ጠቆር ያለች ነጥብ አለችው። ሕዋስ ይባላል አለች አልጣሽ። ሰውም፣ ጉሬዛም፣ ንብም፣ የቡናው ዛፍም የተሠራው ከዚህ ነው፤ በነጥቧ ውስጥ ደግሞ ልጅ ከወላጆቿ የወረሰችው ነገር ተቀምጧል። ከዚያ ፕላስተር ላይ «ዝማሬ ለገሰ» ብላ ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፤ እንዳይሰበርም በባዶ የጥርስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተተችው።

ዮሲ ከክፍሉ የወጣው ቁርጥ ያለ ወሬ ይዞ ነው። የቀረው ሰሚ ማግኘት ነበር፤ በማግስቱ ለገሰን አገኘው።

ለገሰን ለማወቅ ወደ ዛፍ አናት ቀና ማለት ያስፈልጋል። የጫካ ንብ አናቢ ነው፤ ቀፎውን የሚሰቅለው የሚያይ ሰው አንገቱ እስኪቆለመም በሚያንጋጥጥበት ከፍታ ላይ ነው። ነብር መንገድ ላይ ቢያገኘው ሰላም ብሎት ያልፋል ይባላል። ውሸት ነው፤ ነብሩ መንገድ ይለቅለታል እንጂ ሰላም አይለውም። ይህ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፤ ከገላ የወደቀ ነገር ሰው እጅ መግባቱን። ጥፍሩን ቆርጦ ይቀብራል። የልጁ ጸጉር ሲበጠር የረገፈውን ለቅሞ ያቃጥላል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል፤ ያለችው አንዲት ልጅ ናት።

ዮሲ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ ነው ከኋላው ጭኖት ሲሄድ የጀመረው። ደካ በሚባል ቦታ አንድ ሰውዬ ነበር አለው፤ እንደ ልጅዎ ከአፉ ልገው መስታወት ላይ ጣሉት። መስታወቱ ከጠረጴዛ ወድቆ ቋ ሲል፣ ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ፣ ጉርሻው ገና አፉ ውስጥ እንዳለ፣ እሱም ቋ አለ። ወንድሙ የባሰ ነው፤ ከእሱ ሁለት መስታወት ወስደውበት ነበርና ለሁለት ተከፍሎ በቀኝ ጎኑ ብቻ እየሳቀ ቀረ። ዮሲ በሞተሩ መስታወት ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጎ ቢያይ የለገሰ ፊት አመድ መስሏል። ደስ አለው። እንዲህ ያለ ሰሚ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

ለገሰ ያን ዕለት በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄዶ ካርቶኑን አስመለሰ። አልጣሽ ልታስረዳው ብትሞክርም አልሰማትም። ጋቢው ሥር፣ ልቡ ላይ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በካርቶኑ ምክንያት ዛፍ አልወጣም፣ አልሮጠም፣ ጠንከር ብሎም አላስነጠሰም አሉ።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ የዮሲ ስልክ ጮኸ። ለገሰ ነበር። ልጄ ተቃጠለች፣ ና አለና ዘጋው።

ዮሲ ሲደርስ ዝማሬ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሳ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ በአንዱ ሰዓት ትንቀጠቀጣለች፣ በሌላው እንደ ምጣድ ትግላለች። ጎጀብ ወንዝ ዳር ካለችው አክስቷ ቤት ክረምቱን አሳልፋ የተመለሰች በመስከረም መጨረሻ ነው። ለገሰ ግን ስለ ጎጀብም ስለ ትንኝም አላነሳም። ሰኞ ዕለት ድንጋይ አደናቅፎት ካርቶኑ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ እሷም መንቀጥቀጥ የጀመረችው ሰኞ ነው። ይህን ሲናገር ለዮሲ ያስረዳ የነበረው፣ ዮሲ ራሱ እንደነገረው ነው።

በማይክሮስኮፕ አይታይም እንጂ ፍርሃትም ሕዋስ ሳይኖረው አይቀርም፤ ሁለት ሲሆን፣ አራት ሲሆን፣ ስምንት ሲሆን ለዮሲ ይሰማው ነበር። ዝማሬን መሀል፣ ለገሰን ከኋላ አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያው ነዳ። የልጅቷ ግንባር ጀርባው ላይ ተደግፎ በጃኬቱ ውስጥ እየፈጀው፣ አንዴ ስለ ንቦች፣ አንዴ ስለ እናቷ ትቀባዥር ነበር።

የላብራቶሪ ባለሙያው ሚፍታህ ይባላል፤ አባቱ ቦንጋ ላይ ሱቅ አላቸው። ጣቷን ልወጋ ነው ብሎ ስስ መስታወት ሲያወጣ ለገሰ መሀላቸው ገባ። ካርቶኑን ከጋቢው ሥር አወጣ።

«ዶክተር፣ ሰጥታለች። ከዚህ ላይ እየው።»

ሚፍታህ ፕላስተሩን አነበበ። ይህ የአፍ ነው አለ፤ የምፈልገው ደሟ ውስጥ ነው ያለው፣ ዛሬ ካልታየ ነገ ወደ አንጎሏ ሊወጣ ይችላል። ለገሰ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ መስታወት ይህን ካደረጋት ሁለተኛው ለሁለት ይከፍላታል፤ አይነካትም። ነብር መንገድ የሚለቅለት ሰው በር ላይ ሲቆም ማን ይገፋዋል? ሚፍታህ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ሊጠራ ወጣ። ዝማሬ አግዳሚው ላይ ዐይኗ ወደ ላይ መገልበጥ ጀመረ።

ዮሲ በሕይወቱ አንዴም እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

«ጋሽ ለገሰ፣ ደካ የሞተ ሰው የለም። እኔ ነኝ የገደልኩት። ወንድሙንም ለሁለት የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በአፌ።»

ለገሰ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው።

«የምትዋሸው አሁን ነው» አለው። «ያን ቀን ስትነግረኝ ዐይንህ ያበራ ነበር። አሁን ላብህን እየው።»

ዮሲ ማለ፣ ተገዘተ፣ ጉማሬውንም ዶሮዋንም ሳይቀር አመነ። ለገሰ በተናዘዘለት ቁጥር ይበልጥ ካርቶኑን ወደ ደረቱ ያስጠጋ ነበር።

ሚፍታህ ብቻውን ተመለሰ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ያኔ ዮሲ አፉን ከፈተና ጉንጬን ላግ አለ፤ ከእኔ ውሰድና ስሜን ጻፍበት። ሚፍታህ ግራ ገባው፤ ቢሆንም በእንጨት ጉንጩን ላገ፣ መስታወት ላይ ቀባ፣ «ዮሲ» ብሎ ጻፈ። ዮሲ መስታወቱን በሁለት ጣት ይዞ ወለሉ ላይ ከፍ አደረገው።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እጁ አልታዘዝ አለ። ውሸት መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቃሉን ሁሉ የሠራው ራሱ ነው። ነገር ግን አሳምሮ ሠርቶት ነበር። የደካው ሰውዬ ከነጉርሻው ፊቱ ድቅን አለ። ከዚያ እንቁላል ጥብስ የመሰሉት ሕዋሶቹ ትዝ አሉት፤ መሀላቸው ላይ ያለችው ነጥብ ዮሲን በሙሉ ይዛለች፣ እናቱንም አያቱንም። ብትሰበርስ? ዝማሬ አቃሰተች። ዐይኑን ጨፍኖ ለቀቀው።

ቋ አለ።

ዮሲ የልቡን ምት ቆጠረ፤ አንዷ የዘገየች መሰለው። አልወደቀም። ለገሰ ስብርባሪውን አየ፣ ዮሲን ከእግር እስከ ራሱ አየ፤ ከዚያ የውሸታም ነፍስ የት እንደምትቀመጥ ማን ያውቃል አለ።

ያን ጊዜ ነው ዝማሬ ከአግዳሚው ላይ፣ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ መስሎ የተናገረችው።

«አባባ፣ የአፌ ሕዋስ ሁልጊዜ ይረግፋል። ቲቸር ነግራናለች። ከቆጮው ጋር በየቀኑ እውጠዋለሁ፣ በሺህ የሚቆጠር። እስከ ዛሬ ሞቼ ነበር እንዴ?»

ጣቷንም ራሷ ዘረጋች። ለገሰ ወደ ዮሲ አየ፣ ወደ ስብርባሪው አየ፤ ከበሩ ላይ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ አለ። ለሚፍታህ በቃው።

ደሙ እስኪደርቅና ቀለም እስኪጠጣ የነበረው ጊዜ ከቦንጋ አዲስ አበባ በእግር የሚያስኬድ ነበር። በመጨረሻ ሚፍታህ ጎንበስ ብሎ ቆየና ወባ ነው አለ፤ ክፉው ዓይነት። ዮሲ ልይ ብሎ ለመነው። አየ። ክብ ክብ ቀይ የደም ሕዋሶች፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ ባለ ፈርጥ ቀለበት የመሰለች ነገር ተቀምጣለች። ምንም አትመስልም፤ ታምራለች። የሰውን ልጅ ከውስጥ የምትበላው እሷ ናት። እሱ ስንት አውሬ ፈጥሮ ሰውን ሲያስፈራራ፣ እንዲህ ያለ ግን አስቦ አያውቅም።

ክኒኑ በስድስት ጊዜ የሚዋጥ አሥራ ስምንት ፍሬ ነው። ሚፍታህ ሦስቱን እዚያው አስዋጣትና ዮሲን ወደ ውጭ ጠራው። ብትሻላትም አንድ እንዳይቀር አለው። ክኒኑ አስቀድሞ የሚገድለው ደካሞቹን ተውሳኮች ነው፤ ካቋረጠች የሚተርፉት ብርቱዎቹ ናቸው፣ የሚወልዱትም ብርቱ ነው። ትንኟ ከእሷ መጥጣ ለሌላው ታደርሰዋለች። ድሮ በነጠላ ክኒን የሚሞት ተውሳክ ነበር፤ ያን ክኒን እንዲህ ነው የለመደው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዮሲ ማንኪራ፣ ለገሰ ቤት ደረሰ። ዝማሬ ተነስታ ደጅ ላይ ፊቷን ትታጠባለች። ለገሰ የቀሩትን ስድስት ክኒኖች በፌስታል ቋጥሮ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል ነው፤ ድናለች፣ ለሌላ ቀን ይሆናል። ዮሲ የሚፍታህን ቃል አንድም ሳይጨምር ነገረው። ለገሰ ሳቀ፤ ይቺ ውሸት ከመስታወቷ ትበልጣለች አለ።

ዮሲ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሊምልበት የሚችል አፍ አልቀረውም። የሚያስፈራ እውነት ይዞ የሚያምነው ሰው ማጣት እንዲህ እንደሆነ አያውቅም ነበር። ተስፋ ቆርጦ፣ ይልቅ ስለ ንቦችዎ ይንገሩኝ፣ ለምንድነው የእርስዎ ንብ ከሁሉ የሚከፋው አለው፤ ለነገሩ ያህል።

ለገሰ ፌስታሉን እንደያዘ መለሰ። የአባቱ ንቦች ገራም ነበሩ። ጉንዳን ሲመጣ የገራሞቹ ቀፎ ባዶ ይቀራል፣ የክፉዎቹ ይተርፋል። መንጋ የሚሰጠው የተረፈው ነው፤ የክፉ ልጅ ደግሞ ክፉ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንዲህ እያለ…

ቆመ። ፌስታሉን አየው። ከዚያ በቀስታ ቋጠሮውን ፈታና ዝማሬን በስሟ ጠራት።

ሦስቱን ስትውጥ ዮሲ አፏን አስከፍቶ ከምላሷ በታች ሳይቀር አየ። ለማታው ሦስት ደግሞ አመሻሹ ላይ ተመልሶ መጣ። ዝማሬ ዳነች፤ በዓመቱም ስምንተኛ ክፍል ገባች።

የጥርስ ሳሙናው ካርቶን የት እንደደረሰ ለገሰ ለማንም አልተናገረም። ዮሲ ግን ያውቃል። ማንኪራ መግቢያ ላይ ካለው ግዙፍ ዛፍ አናት፣ ንብ በሌለበት አንድ ቀፎ ውስጥ ነው። በዚያ ሲያልፍ የሞተሩን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ምን ይታወቃል፤ መሬቱ ተንቀጥቅጦ ካርቶኑ ቢወድቅስ?