ከእጅጌ ሥር

አባቴ በሙቀት ቀን እንኳ እጅጌውን ሰብስቦ አያውቅም። ክንዱ ላይ ባቄላ የሚያካክሉ እብጠቶች ነበሩበት። «ምንድን ነው አባዬ?» ስንለው «የሸክም ነው፤ ምንም አይለኝም» ይለናል። ቀኝ እጁ ሟሽሾ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተውም ያው መልሱ ነበር።

እኔ የምሠራው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው፤ ከእስክሪብቶ ካርቶን የከበደ ነገር አንስቼ አላውቅም። ሆኖም ከክርኔ በላይ እብጠት ወጣብኝ። ሁለት ዓመት በእጅጌ ሸፈንኩት። በመጨረሻ ሐኪሙ «የነርቭ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ በዘር የሚመጣ አለ» ብሎ ወደ አልትራሳውንድ ክፍል ላከኝ።

ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። የምትመረምረኝ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።

«ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን።»

«እኔም ብቻዬን ነኝ፣ ማሽኑ ካልተቆጠረ» አለችና ቀዝቃዛውን ጄል ክንዴ ላይ አፈሰሰችው።

ሰው በእጁ ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ ያሰብኩት ያኔ ነው። መሣሪያውን ከእጄ አንጓ ጀምራ፣ ነርቩን እየተከተለች ወደ ላይ አንሸራተተችው። ስክሪኑ ላይ ነርቩ ግራጫ ክር ይመስላል። ከክርኔ አለፍ ብላ ቆመች። ክሩ ጥቁር እንቁላል የመሰለ ነገር ውስጥ ገብቶ በማዶ ይወጣል። ጫን ስታደርገው ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ እስከ ትንሿ ጣቴ ነዘረኝ።

«ነዘረህ?»

«ምንም አይለኝም።»

ከአፌ የወጣው የአባቴ ድምፅ ነበር።

«ጣትህ ግን ዘለለች እኮ» አለች ሳትቆጣ። «እኔ አንተ ያልከኝን ነው የምጽፈው። ምንም አይለውም ብዬ ልጻፍ?»

ጣሪያውን አየሁ። «ነዘረኝ ሲስተር። ሲነካ ሁልጊዜ ይነዝረኛል።»

«ጎሽ! ነርቩ ላይ የበቀለ ነው፤ የቀረውን ሐኪሙ ይነግርሃል። እህት ወንድም አለህ? እነሱም መታየት አለባቸው።»

ከታላቅ እህቴ ጋር ከአባታችን ቀብር ወዲህ አልተነጋገርንም። «ሐኪም ቤት ልንወስደው ይገባ ነበር» ስትለኝ «ምንም አይለኝም ይል አልነበር!» ብዬ ሰው ፊት ጮኼባታለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልኩላት።

«አባ ዝምታ! በሕይወት አለህ እንዴ?»

«እጄ ላይ የአባዬ ዓይነት ወጥቶብኛል። ያመኛል።»

ከበስተኋላዋ ይንጫጫ የነበረው የስፌት መኪና ቆመ።

«እኔም ጉልበቴ ሥር አለ» አለች ቀስ ብላ። «ረጅም ቀሚስ የማዘወትረው ለምን ይመስልሃል?»

«መጥቼ እወስድሻለሁ። አሁን የት ነው የምትኖሪው?»

ነገረችኝ። ኪሴን ብዳብስ እስክሪብቶ እንጂ ወረቀት የለም። እጅጌዬ እንደተሰበሰበ ነበርና አድራሻዋን ክንዴ ላይ ጻፍኩት።