ተራውን የለቀቀ መሐንዲስ

ስድስቱ የኮንክሪት ኩቦች ከውሃው ገንዳ የሚወጡበት ቀን ደረሰ። ልክ የዛሬ ዓመት፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ወደዚህ አገር በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ በገዛ እጁ አቡክቶ የቀረጻቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቡጢ ያህላሉ። ሦስቱ እንደ ወጉ በሲሚንቶና በአሸዋ ብቻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ሦስቱ ግን የሲሚንቶው ሩብ ተቀንሶ በገለባ አመድ ተተክቷል። አብረዋቸው የተቀረጹት በሃያ ስምንተኛው፣ በዘጠናኛውና በመቶ ሰማንያኛው ቀን መጭመቂያው ማሽን ሥር ገብተው ተፈጭተዋል። የቀሩት እነዚህ ብቻ ነበሩ።

ሰውየው ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ሳይጨርስ ጀምሮ ዘመድ አዝማዱ "መሐንዲሱ" ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው እንበለው። መሐንዲሱ በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት መምህራን ፊት ይቀርባል። የዓመት ሥራውን አይተው ወይ ወደ ሁለተኛ ዓመት ያሳልፉታል፣ ወይ ሻንጣውን ያሸክሙታል። ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሷል። "የአመዱ ኩብ ከሲሚንቶው በአስራ አምስት በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል" የሚለው ዓረፍተ ነገር በደማቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ ለዛሬው ቁጥር ክፍት ቦታ ተትቶለታል።

ላቦራቶሪው ጭር ብሏል። ተማሪው ሁሉ ለእረፍት ወጥቶ፣ የቀሩት ሽማግሌው ቴክኒሻን ብቻ ነበሩ። መሐንዲሱ የአባቱን እኩያ በስማቸው መጥራት አልሆንልህ ቢለው በመጀመሪያው ሳምንት "ጋሼ" ብሏቸው ነበር። ትርጉሙን ጠይቀው ሲነገራቸው በጣም ወደዱት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላውንም ተማሪ "ጋሼ ካላልከኝ የመጋዘኑን ቁልፍ አታገኝም" እያሉ ያስጨንቁታል።

መሐንዲሱ ኩቦቹን ከውሃው አውጥቶ፣ ላያቸውን በጨርቅ አበስ አበስ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ከማሽኑ አስገባ። የሲሚንቶዎቹ የጥንካሬ ቁጥር አርባ ሦስት፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት ሆነ። ደህና። ቀጥሎ የአመዶቹ፦ አርባ ሁለት፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት። መሐንዲሱ የመጨረሻውን ስብርባሪ በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከስድስት ወር በፊት የአመዱ አርባ ስምንት ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ማሽን የሆነ ነገር ሆኗል" አለ።

"ማሽኔ?" ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ማሽኔ ባለፈው ሳምንት ተመርምሮ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። የሆነ ነገር የሆንከውስ አንተ ነህ።"

"ኮንክሪት እኮ እያደር ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። አርባ ስምንት የነበረ ነገር እንዴት አርባ ሁለት ይሆናል?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ለዲግሪ የመጣኸው አንተ!" አሉ፤ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ማሽኑ አጠገብ በገመድ የታሰረውን ትልቅ መዝገብ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ማንም ሰው ናሙናውን ከውሃ ያወጣበትንና የጨመቀበትን ሰዓት እዚያ ላይ ሳይጽፍ እንዳይሄድ የሳቸው ጥብቅ ትእዛዝ ነው። የመሐንዲሱን የእጅ ጽሑፍ እየፈለጉ ገጹን ወደ ኋላ ገለጡ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ለዚያ ቀን የተመደቡትን ስድስት ኩቦች ከውሃ ያወጣው በሦስት ሰዓት ነበር። የሲሚንቶዎቹን ወዲያው ጨመቀ። የአመዶቹን የጨመቀው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መሐንዲሱ ያን ቀን አስታወሰው። ኮቱ ገና አዲስ ነበር፤ የሰውን ንግግርም ግማሹን እየሰማ ግማሹን እየገመተ ነበር የሚውለው። አንድ ባለ ጺም ተማሪ ናሙናውን ታቅፎ እየሮጠ መጣና ባቡር እንዳያመልጠው ነገረው። "ግድ የለም፣ ቅደም" አለው። ከኋላው አንዲት ነፍሰ ጡር ተመራማሪ መጣች። እሷን ምን ብሎ አቁሞ ይጨምቃል? ቀጥሎ አንድ ሽበታም እንግዳ መምህር መጡ፤ ለሳቸውማ ወንበርም ስቧል። በዘጠናኛው ቀን የአመዶቹ ተራ የደረሰው በማግስቱ ነው። በመቶ ሰማንያኛው ቀን ደግሞ ከሌላ ተቋም አምስት ሰዎች መጥተው ስለነበር፣ ዕቃቸውን ሲያወርድላቸው ዋለ፤ ኩቦቹ ሁለት ቀን ጠበቁት። ይህን ሁሉ ጊዜ የተቀመጡት የት ነው? ማሞቂያው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ።

ሽማግሌው ጣታቸውን መዝገቡ ላይ እንዳሳረፉ ቀና አሉ። "ትንሽ ኩብ ሲደርቅ ከእርጥቡ የበለጠ ጠንክሮ ይታያል። ቁጥሩ የውሸት ያብጣል። ይሄን በመጀመሪያው ቀን አልነገርኩህም?"

"ነግረውኛል።"

"ምን አልከኝ?"

"እሺ አልኩ።"

"እሺማ ትላለህ! እሺ ማለቱንስ ማን ብሎህ!"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። መሐንዲሱ ግን ያፈሰሰው ሳይቸኩል፣ ቁጭ ብሎ ሰው ሲያስቀድም ነው። ያ በደማቁ የጻፈው አስራ አምስት በመቶ የአመዱ ጉልበት አልነበረም፤ ማሞቂያውና ይሉኝታው ተጋግዘው የወለዱት ነበር። በሰው ለማሳበብ ዞር ዞር ብሎ አሰበ፤ አላገኘም። ባለ ጺሙ ምን አጠፋ? ቅደም ሲባል ቀደመ። እነዚያ እንግዶች ኩቡ ሲደርቅ ጉድ እንደሚሠራ ነጋሪ አልነበራቸውም። እሱ ነበረው።

ክፍሉ ሲገባ ከቀትር በኋላ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ ይጻፋል፣ ከጠረጴዛው ሳይነሱ መስኮቱ ይዘጋል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሪፖርቱ ላይ አፈጠጠ። ክፍቱን ቦታ "የአንድ ዓመቱ ምርመራ በመደገም ላይ ነው" ብሎ ሊሞላው ይችላል። ሐሰት አይባልም። ነገ ያልፍና የቀረውን በሁለተኛው ዓመት ቀስ ብሎ ያስተካክላል። ሦስቱ መምህራን መዝገቡን ወርደው አያዩት። ጣቱን ፊደሎቹ ላይ አሳርፎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ናት።

"ሃሎ! አመድ አፋሹ!" አለችው። እዚያ ድረስ ተሻግሮ የሚማረው ስለ አመድ መሆኑን ከሰማች ወዲህ በሌላ ስም አትጠራውም።

"እትዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህናም አይደለሁ፣ አጎትህ ስልኬን ሊነጥቁኝ እየታገሉኝ ነው። እንኩ ጋሼ፣ እንኩ!"

አጎታቸው ግንበኛ ናቸው። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርቡና ሲሚንቶ ሲያቦኩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ስልክ ላይም የሚያወሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ወደ ታች እንደሚጣሩ ነው።

"መሐንዲሱ! ቅዳሜ የጎረቤታችንን ደረጃ ልሞላ ነው! ካንተ አመድ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ አቃጥዬ አዘጋጅቻለሁ። ከሲሚንቶ በለጠ ካልክማ ምን አስፈራኝ፣ ግማሽ በግማሽ ነው የማቦካው!"

"አይሆንም" አለ መሐንዲሱ።

ዕድሜውን ሙሉ ለአጎቱ "አይሆንም" ብሎ አያውቅም፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

"ምን አልክ?"

"አይሆንም፣ አጎቴ። አንድ እፍኝም እንዳይጨምሩ። የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ዛሬ ነው ያወቅኩት።"

አጎትየው መጮኻቸውን ተዉ። "ደግ። ደረጃው ላይ ሰው ወጥቶ ከምታውቀው ዛሬ ማወቅህ ይሻላል። አሁን ይሄን ሦስት ማዳበሪያ አመድ ምን ላድርገው?"

"ዕቃ ይታጠብበታል!" የሚል የእህቱ ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ከዚያ ስልኩን ተቀበለቻቸውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ነገ አይደለም እንዴ የሚፈትኑህ? ለነሱም እንዲህ ልትላቸው ነው?"

መሐንዲሱ ለሷ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ቁርጡን አላወቀም ነበር። "አዎ" አለ።

"እነሱ ስህተቱን አውቀውታል?"

"አላወቁም። አጎቴም አላወቁም ነበር።"

"ቢመልሱህስ?"

"ከመለሱኝማ ለአጎቴ ሲሚንቶ አቀብላለኋ።"

"አንተን? ተራህን ለሠራተኛው ሁሉ ስታድል ደረጃው ሳይሞላ ክረምት ይገባል!" ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "በል ስማኝ። መናገሩ ካልቀረ ቀና ብለህ ንገራቸው። ዶሮ እንደሰረቀ ሰው መሬት መሬት እያየህ አይደለም።"

በደማቁ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘው። በቦታው እያንዳንዱ ኩብ ከውሃ ወጥቶ ስንት ሰዓት እንደቆየ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አስገባ። ሦስቱ የድሮ ውጤቶች እንደማያስተማምኑ ጻፈ። ምክንያቱንም ሳያለሳልስ፣ ራሱንም ሳይረግም፣ በአራት መስመር አስቀመጠው።

በማግስቱ ሦስቱ መምህራን ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አዳመጡት። የመሐንዲሱ አማካሪ መሐል ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ በዚያ አስራ አምስት በመቶ የተደሰቱ ሴት ስለነበሩ ሠንጠረዡን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ከግራቸው ያሉት ቀጭኑ መምህር እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

"እንግዲህ አንድ ዓመት ባከነ ማለት ነው?"

"ሦስት ውጤቶች ባክነዋል" አለ መሐንዲሱ ቀና ብሎ። "የትናንቶቹ ስድስት ኩቦች ግን አልባከኑም። ሁሉም ከውሃ እንደወጡ የተጨመቁ ናቸው። የሲሚንቶው ሩብ ተቀንሶ አመዱ እኩል ከተሸከመልን፣ መብለጥ የለበትም። እኩል መሆኑ ይበቃናል። ስድስት ኩብ ግን ለማስረጃ አይበቃም፤ ስለዚህ ልድገመው።"

"እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ" አሉ አማካሪዋ። "ለምንድነው ለሁሉም ተራህን የምትለቀው?"

"አስተዳደጌ ነው። እሱን አልተውም፤ ሰው ቢቸኩል ዛሬም አስቀድማለሁ። ኩቦቹን ግን ተራዬ ሳይደርስ ከውሃ አላወጣም።"

ቀጭኑ መምህር ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ሳቃቸውን ያዙ። መሐንዲሱ እነሱ እስኪመክሩ ኮሪደር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመ። ሲጠራ አማካሪዋ ውሳኔውን አነበቡ፤ ወደ ሁለተኛ ዓመት አላለፈም፤ ሙከራውን ደግሞ እንዲቀርብ የሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶታል።

"አመሰግናለሁ፤ ግን አይበቃም" አለ መሐንዲሱ።

አማካሪዋ ቀና አሉ። ዓመት ሙሉ ከዚህ ተማሪ አፍ "እሺ" እንጂ ሌላ ሰምተው አያውቁም።

"ሦስት ወር ዘጠና ቀን ነው። ኩቡ ብቻውን ዘጠና ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ እሱን ማስቸኮል አይቻልም። አመዱን ለመንፋት፣ ለመቅረጽና ለመጻፍ ደግሞ ጊዜ ያስፈልገኛል። መቶ ሃያ ቀን ስጡኝ።"

"የተሳሳተው እሱ፣ የሚከራከረው እሱ!" አሉ ቀጭኑ መምህር። ቢሆንም ወደ አማካሪዋ ዞረው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መቶ ሃያ" አሉ አማካሪዋ እየጻፉ። "አንድ ቀን አይጨመርም። ያን ቀን ውጤቱን ይዘህ ካልቀረብክ የትምህርት ድጋፉም ይቆማል፣ እኛም አንገናኝም።"

"እቀርባለሁ።"

ደረጃውን ወርዶ ላቦራቶሪው ሲደርስ ሽማግሌው ቴክኒሻን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

"አሳለፉህ?"

"አላሳለፉኝም። አልጣሉኝምም። መቶ ሃያ ቀን አለኝ።"

"እንግዲያው ሂድና ዛሬን ተኛ፣ ፊትህ አመድ መስሏል። ነገ ትጀምራለህ።"

"ነገ ከጀመርኩ መቶ አስራ ዘጠኝ ይሆናል" አለና ኮቱን አውልቆ ሰቀለው። ጥግ ካለው በርሜል አመዱን በአካፋ እየዛቀ ወንፊቱ ላይ ገለበጠ። ባለፈው ለአንድ ቀን ምርመራ ስድስት ኩብ ነበር የሚመድበው፤ አሁን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሊያደርገው ወስኗል። ቀጭኑ መምህር እርሳሳቸውን የሚያነሱበት ቀዳዳ እንዳያገኙ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ግራጫ ሆነ። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው ለትንሽ ጊዜ ሲያዩት ቆዩ።

"ጋሼ" አለ መሐንዲሱ ሳይዞር፣ "ቆመው ከሚያዩኝ ውሃውን ይለኩልኝ።"

"እኔን ነው የምታዘኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ። ቀኑ እየሄደ ነው።"

ሽማግሌው አንድ ሁለት ጊዜ አጉረመረሙ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ መልሰው መለኪያውን ሊያመጡ ሄዱ።