በፈተና ቀን የቀረበ ሾርባ

«ራይዝ» ራስ ሲነሣ፣ «ሬይዝ» ሌላውን ሲያነሡ። ዱሺክ ይህን በቃሉ ይወጣዋል፤ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ግን ሁለቱ የእንግሊዝኛ ግሶች ይምታቱበታል። አንዱን ያጠቁራል፣ ይሰርዛል፣ ሌላውን ያጠቁራል፣ ተመልሶ ደግሞ ያንን ይሰርዛል። በኮሪያ ዋና ከተማ በሶል ሥራ የሚሰጥ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእንግሊዝኛ ውጤት ነው፤ እሱ ደግሞ በዚሁ ሲወድቅ ሦስት ዓመት አለፈው። ዛሬ የመጨረሻው ነው። ካላለፈ ጓዙን ጠቅልሎ እናቱ ወዳለችበት ደሴት ሊመለስ ምሏል። ሰውነቱ ዝሏል፤ ማለፉም መውደቁም እኩል ያደክመዋል።

ጠዋት የተከራዮቹ የጋራ ማእድ ቤት ሲገባ እናቱን ምድጃው አጠገብ አገኛት። በጀልባና በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራ መምጣቷ ነው፤ ልደቱ ነዋ። ድስቱን ከፈተችው። በልደት ቀን የሚበላው የባሕር ቅጠል ሾርባ።

ጎረቤቱ ቻንጉ ክው አለ። «ኧረ እማማ፣ ምን ነካዎት? በፈተና ቀን የሚያንሸራትት ነገር? የበላው ተንሸራቶ ይወድቃል ሲባል አልሰሙም? ሰው እንዲያልፍ የሚጣበቅ ከረሜላ ነው እኮ የሚበላው!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ከረሜላ ስልክለት ምን ተጣበቀ? አርፈህ ያንተን ምጠጥ!»

ቻንጉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«እማዬ፣ ረስተሽው ነው?» አለ ዱሺክ። ተናዷል።

«ምኑን እረሳለሁ? የልደትህ ሾርባ ነው። በየዓመቱ ፈተና አለብኝ እያልክ ታልፈዋለህ። ይሄን ቅጠል ከባሕር እየጎተትኩ ነው የቤት ኪራይህን የምልከው፤ አንተ እንደ መርዝ ትሸሸዋለህ።»

ዱሺክ ጨው የበላቸውን እጆቿን አየና አፈረ።

«ብንሸራተትስ?»

«እኔ ጀልባው ላይ ስንቴ ተንሸራትቼ ወድቄበታለሁ! ልብሴን ጨምቄ እቀጥላለሁ። ይልቅ ሳይበርድ ብላ።»

በላ። ጨው በዝቶበታል፣ እንደ ቤታቸው። እንባው መጣ፤ ሳህኑን ድጋሚ ዘረጋላት።

ፈተናው ላይ ሁለቱ ግሶች እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ጠበቁት። አንዱን አጠቆረ። እጁ ወደ ላጲሱ ሄደ፤ ከዚያ ይሁን ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ሲወጣ እናቱ ደጃፉ ላይ ባዶ ድስቷን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። አልቀሰቀሳትም፤ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እንዴት ሆነልህ?» አለችው ስትነቃ።

«እንጃ። ውጤቱ እስኪወጣ አብሬሽ ልሂድና ጀልባው ላይ ላግዝሽ።»

«አንተ? ትወድቃለህ» አለች እየሳቀች።

«ልብሴን እጨምቃለኋ።»